ይፋት፦ የቆላው በርና ባለቤቶቹ

ይህ ጸሐፊ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ በያዘበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በይፋት ቆላ ለሚሠራ አንድ የገጠር መንገድ መሥመር ከሚፈልግ የቅየሳ ጓድ ጋር ተመድቦ ነበር። አንድ ቀን ከኮረብታ አናት ላይ ቁመቱ ከሰው ወገብ የሚደርስ ብዙ ድንጋይ ተኮልኩሎ አየና በቅየሳው ወረቀት ላይ «ክምር ድንጋይ፤ ለግንባታ የሚውል» ብሎ አሰፈረ። መንገድ መሪ ሆነው አብረው የዋሉት የአርጎባ ሽማግሌ ምን እንደ ጻፈ ጠየቁት። ሲነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ያ ክምር አይደለም፤ ቤት ነበር። ይኸኛው ደግሞ መስጊድ ነው፤ ፊቱ ወዴት እንደ ዞረ አታይም?» አሉት። በእርግጥም በሰሜኑ ግድግዳ መካከል የምሕራቡ ጉድጓድ ሳይፈርስ ቆሞ ነበር።

ይህ ድርሰት ያ የቅየሳ ወረቀት ያልመለሰውን ጥያቄ ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው። ለመሆኑ እነዚያን ቤቶች ማን ሠራቸው? ነዋሪዎቹ እነማን ነበሩ? ማንስ ያስተዳድራቸው ነበር? ስለ ይፋት የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የነገሥታት ጦርነት ታሪክ ነው። እኛ ግን በመሐንዲስ ዐይን፣ ከምድሩ ተነሥተን ወደ ሕዝቡ፣ ከሕዝቡም ወደ አስተዳደሩ እንሻገራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ከወዲሁ እናሳስባለን።

፩. የአገሩ አቀማመጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ የሸዋ ደጋ በድንገት ያበቃበታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ በር ላይ ጉም ሲገለጥ፣ ምድር በአንድ ጊዜ ወደ ታች ተቆርጣ ትታያለች። መንገዱ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ግድም ይሆናል። ይህም ማለት 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ውስጥ መንገደኛው 1,700 ሜትር ያህል ወርዷል ማለት ነው። ከላይ ገብስና ባቄላ ያየ ሰው ከታች ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ፓፓያ ያያል። ከላይ ካባ የደረበውም ከታች ጋቢው ይከብደዋል።

ይህ ገደል የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ዳር ነው። መሬቱ ተሰንጥቆ ምሥራቃዊው ክፍል በየደረጃው በመስመጡ፣ ከገደሉ ግርጌ ጠባብና ረዥም የሆኑ ሜዳዎች ተፈጠሩ። የሮቢት ሜዳ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከሜዳው በስተምሥራቅ ደግሞ ሳይሰምጡ የቀሩ ኮረብታዎች እንደ ግንብ ተሰልፈው ሜዳውን ከአፋር በረሃ ይለዩታል። ከደጋው የሚወርዱት ሮቢ፣ ጀውሃና አታዬ የተባሉት ወንዞች እነዚህን ኮረብታዎች ሰንጥቀው ወደ አዋሽ ይወጣሉ። ወንዞቹ በክረምት ከገደሉ ጠርገው የሚያመጡትን ደለልና ቋጥኝ፣ በዚያ መንገድ ላይ ድልድይ የሠራ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ምድሩም ገና አላረፈም። በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳ፣ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት እንደ ወደቀ ይታወሳል።

እንግዲህ ይፋት ሦስት ደረጃ ያለው አገር ነው። ከላይ እህልና ፈረስ ያለው ደጋ፣ ከመካከል ጥጥ፣ ማሽላና ጫት የሚያበቅል ኮረብታና ሜዳ፣ ከታች ደግሞ ግመል፣ ከብትና የጨው መንገድ ያለው በረሃ ነው። ከሦስቱ አንዱም ብቻውን አይበቃም። ደጋው ጨውና የባሕር ማዶ ልብስ ይሻል። በረሃው እህል ይሻል። ሁለቱ የሚገናኙት ደግሞ በመካከለኛው ደረጃ በኩል ብቻ ነው። ከዘይላና ከታጁራ የባሕር በር ተነሥቶ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣ ቅፍለት ግመሉን አራግፎ ጭነቱን በአህያና በበቅሎ የሚለውጠው እዚሁ ነው፤ ግመል ገደሉን አይወጣምና። በኢንጂነሪንግ ቋንቋ ብንናገር፣ ይፋት የመጓጓዣው ዓይነት የሚለወጥበት ጣቢያ ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ባለበት ሁሉ ደግሞ ኬላ ይኖራል፤ ኬላ ካለ ገበያ፣ ገበያ ካለም ገዥ አይጠፋም። የይፋት አስተዳደር ታሪክ ከዚህ የመነጨ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

፪. ሕዝቡ

በይፋት ምድር ላይ አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር እንደየአገሩ ከፍታ ተደራርበው ይኖራሉ። አማራው በአመዛኙ ከደጋው እስከ ሜዳው፣ አርጎባው በኮረብታዎቹ ላይ፣ ኦሮሞው በሜዳውና በሰሜናዊው ክፍል፣ አፋሩም ከኮረብታዎቹ ማዶ እስከ አዋሽ ድረስ ሰፍሯል። ይሁን እንጂ ይህ አከፋፈል እንደ ግድግዳ ጠንካራ አይደለም። በድርቅ ወራት የአፋር ከብት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ የደጋው ገበሬ ለማሽላ አጨዳ ይወርዳል። በገበያ ቀን በአንድ የጥላ ዛፍ ሥር አራት ቋንቋ መስማት ብርቅ አይደለም።

ከእነዚህ መካከል ስለ አርጎባ ሕዝብ በተለይ መናገር ያስፈልጋል፤ የቀድሞው የይፋት ከተሞች ወራሽ እርሱ ነውና። የአርጎባ ቋንቋ ከሴማዊ ቋንቋዎች ወገን ሆኖ ለአማርኛ እጅግ የቀረበ ነው። ዛሬ በብዙ መንደሮች አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተክቶታል። ስሙ «ዐረብ ገባ» ከሚለው የመጣ ነው የሚል ትረካ በሕዝቡ ዘንድ አለ፤ ትረካው ሕዝቡ ራሱን ከባሕር ማዶ ንግድና ከእስልምና ጋር አያይዞ ማየቱን ይመሰክራል። አርጎባ ሸማኔ ነው፤ ነጋዴም ነው። ከሁሉ በላይ ግን የእርከን ገበሬ ነው። በቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ ያለ ጭቃ የተደረደሩት የድንጋይ ካቦቹ ውሃውን አዘግይተው አፈሩን ያስቀራሉ። የዛሬው የተፋሰስ ጥበቃ ባለሙያ በወረቀት ላይ የሚነድፈውን፣ የአርጎባ ገበሬ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ በእጁ ሲሠራው ኖሯል። መንደሩን ከጉብታ አናት ላይ መሥራቱም አልፎ አልፎ ያልገባቸው ሰዎች እንደሚሉት ከፍርሃት ብቻ የመጣ አይደለም። ጉብታው ከንዳድ ያርቃል፤ ከጎርፍ ይጠብቃል፤ የሚታረሰውንም መሬት በቤት መሥሪያ ከመባከን ያድናል።

የሕዝቡ መገናኛ ገበያው ነበር። ከአንኮበር ግርጌ የምትገኘው የአልዩ አምባ የዓርብ ገበያ በ19ኛው ምዕት ዓመት የደጋው እህል፣ የአፋር ጨው፣ የሐረር ቡናና የባሕር ማዶ ጨርቅ የሚለዋወጡባት ቦታ ነበረች። ከአጠገቧ ባለችው በአብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። ስለ ይፋት ንግድ የሚጽፍ ሰው የባሪያውን ንግድ ሳይጠቅስ ማለፍ አይገባውም፤ በዚህ መንገድ ወደ ባሕር የወረዱት ሁሉ በፈቃዳቸው የሄዱ አልነበሩም።

፫. አስተዳደሩ፦ የወላስማ ቤት

በ13ኛው ምዕት ዓመት በምሥራቅ ሸዋ የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት የተባለ የእስላም ሱልጣኔት ነበር። ስለዚህ መንግሥት የምናውቀው አብዛኛው ነገር ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቸሩሊ በ1941 ካሳተሙት አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል የተገኘ ነው። ጽሑፉ እንደሚለው የውስጥ ሽኩቻ ያደከመውን ይህን መንግሥት በ1285 ዑመር ወላስማ የተባለ የይፋት ሰው ገለበጠው። ከቁረይሽ ነገድ እንወለዳለን የሚለው የዑመር ቤት ከዚያ በኋላ ይፋትን ማዕከል አድርጎ እስከ ዘይላ ያለውን መንገድ ያዘ።

ከ50 ዓመታት ገደማ በኋላ የግብፅና የሶርያ ጸሐፊ የነበረው አል ዑመሪ፣ ካይሮ ከመጡ የኢትዮጵያ ሰዎች የሰማውን ጽፎ አቆየ። እርሱ በጊዜው ከቆጠራቸው ሰባት የእስላም መንግሥታት መካከል ይፋት ለባሕሩ የቀረበው ነው። ርዝመቱ የ15 ቀን፣ ወርዱ የ20 ቀን መንገድ ሲሆን 15,000 ፈረሰኛና ከ20,000 የሚበልጥ እግረኛ ያሰልፋል ይላል። በአገሩ ስንዴ፣ ማሽላና ጤፍ እንደሚበቅል፣ ሰዉ ጫት እንደሚወድም ይነግረናል። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ስለ አስተዳደሩ የጻፈው ነው። ከሰባቱ ነገሥታት አንዱም የደጋው ንጉሠ ነገሥት ካልሾመው በስተቀር አይነግሥም። አንዱ ሲሞት የቤቱ ወንዶች እጅ መንሻ ይዘው ወደ ደጋው ይወጣሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከእነርሱ መካከል የወደደውን ይሾማል። በየዓመቱ የሚገቡለት ግብርም ከባሕር ማዶ የመጣ ሐርና የተልባ እግር ጨርቅ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንጋብዛለን። ይህ ሥርዓት ሙሉ ነጻነት አይደለም፤ ሙሉ ተገዥነትም አይደለም። ዳኝነቱ፣ ሃይማኖቱና ገበያው በቤቱ ይቀራል፤ ሹመቱና ግብሩ ወደ ሩቅ ዘውድ ይሄዳል። እንዲህ ያለው አስተዳደር በዓለም ላይ ዛሬም አልጠፋም። በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ በፊጂና በሳሞአ መካከል ዋሊስና ፉቱና የሚባሉ የፈረንሣይ ግዛት የሆኑ ደሴቶች አሉ። ስፋታቸው 142 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝባቸውም 12,000 የማይሞላ ነው። ከፓሪስ በ16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሳለ፣ በ1961 የወጣው የፈረንሣይ ሕግ ኡቬያ፣ ሲጋቬና አሎ የተባሉትን ሦስት ባህላዊ መንግሥታት እንደነበሩ እንዲቆዩ ፈቀደ። ንጉሦቹን የየአገሩ መኳንንት ይመርጣሉ፤ ከፓሪስ የሚሾመው አስተዳዳሪም ከእነርሱ ጋር ይሠራል። የደሴቶቹ ሕጋዊ ስም በ2003 ቢለወጥም ነገሥታቱ በቦታቸው ናቸው። በራሷ ሪፑብሊክ ውስጥ ንጉሥ የማትሻው ፈረንሣይ ከባሕር ማዶ ግን ነገሥታትን ታውቃለች። ምክንያቱም ርቀት ነው፤ ከሩቅ የሚገዛ ሁሉ በቅርብ የሚታመን ሰው ያስፈልገዋል።

በይፋትና በደጋው መካከል ያለው ርቀት 16,000 ኪሎ ሜትር አልነበረም። ነገር ግን የ1,700 ሜትር ገደል፣ የቆላ ንዳድ፣ የቋንቋና የሃይማኖት ልዩነት ተደምረው እንደ ባሕር ሆነው ያገለግሉ ነበር። የደጋ ሠራዊት ወደ ቆላ ወርዶ ማሸነፍ ይችል ነበር፤ ከርሞ መኖር ግን አይችልም ነበር።

ሥርዓቱ የሚናጋው ከሁለቱ አንዱ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ለብቻው ሲፈልግ ነው። በንጉሠ ነገሥት ዐምደ ጽዮን ዘመን፣ ይኸውም ከ1314 እስከ 1344 ባለው ጊዜ፣ የሆነው ይኸው ነው። የይፋቱ ገዥ ሐቀዲን የንጉሡን መልእክተኛ ይዞ አሰረ፤ በኋላም ገደለው። ዐምደ ጽዮንም ወርዶ ይፋትን ወጋ። በ1332 ደግሞ ተከታዩ ሰብረዲን ከሌሎቹ የቆላ መንግሥታት ጋር አብሮ ተነሣ። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው የሰብረዲን ፉከራ የንጉሡን ከተማ እንደሚይዝና እዚያው ጫት እንደሚተክል የሚገልጽ ነበር። ከጸሐፊው ይልቅ ነጋዴ ይህን ፉከራ በደንብ ይረዳዋል፤ የቆላውን ተክል በደጋ መትከል ማለት ጣቢያውንም የመንገዱን መድረሻም በአንድ እጅ ማድረግ ነውና። ሰብረዲን ተሸንፎ ተያዘ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከድሉ በኋላ የሆነው ነው። ዐምደ ጽዮን የደጋ ሰው በቦታው አልሾመም፤ የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን ሾመ። ጀማለዲንም ብዙ ሳይቆይ ከጠላት ጋር ሲያብር ተሻረ፤ የተተካው ግን ያው የዚያው ቤት ልጅ ነበር። ድል አድራጊው እንኳ የወላስማን ቤት ሊያልፈው አልቻለም።

በዚያው ምዕት ዓመት ማብቂያ ላይ ቤቱ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ለደጋው እየገበረ በይፋት ቀረ። ሐቀዲን ሁለተኛ ግን ከገደሉ ርቆ፣ ደጋው በቀላሉ ወደማይደርስበት ወደ ምሥራቅ ሄዶ ራሱን የቻለ መንግሥት መሠረተ። ወንድሙ ሰዓደዲን በ15ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ዘይላ ላይ ተከቦ ተገደለ። ልጆቹ ወደ የመን ተሻግረው ከተመለሱ በኋላ ያቋቋሙት መንግሥት በታሪክ አዳል ተብሎ የሚታወቀው ነው። መንግሥቱ ሲሸሽ ነጋዴውም ሸሸ፤ የይፋት ከተሞች መመናመን የጀመሩት ከዚህ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም። በኋላም በ1531 ኢማም አሕመድ የደጋውን ሠራዊት ድል ያደረገበት የአንጾኪያ ጦርነት በዚሁ ገደል ግርጌ ተደረገ። ከዚያም የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ተከተለ። በእነዚህ ሁሉ መካከል የድንጋይ ከተሞቹ ባዶ ሆነው ቀሩ።

፬. የተመለሰው ስም

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የወላስማ ስም በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ በቀረ ነበር። ነገር ግን ከ17ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የነጋሢ ክርስቶስ ዘር የሸዋን መንግሥት ሲያቋቋም፣ ከመንዝ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ እየወረደ ይፋትን ያዘ። አንኮበርም ከተማው ሆነች። በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል የተዋዋለው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በውሉ ላይ የሸዋ፣ የይፋትና የኦሮሞ ንጉሥ ተብሎ ተጠርቷል። ይፋት በስም ተለይታ መጠራቷ ከንቱ ክብር አልነበረም፤ የባሕሩ መንገድ የምታልፈው በእርሷ ነበርና።

ታዲያ ንጉሡ ይህን መንገድ በማን ያስጠብቅ ነበር? በዚያው ዓመት የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ከታጁራ የመጣው ሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ መልሱን ጽፎታል። በፋሬ ኬላ ላይ የተቀበለው ወላስማ መሐመድ የተባለ፣ በአበጋዝነት ማዕረግ የምሥራቁን ዳር በውርስ የሚያስተዳድር እስላም ሹም ነበር። ማንኛውም እንግዳ ያለ እርሱ ፈቃድ ፋሬን አያልፍም። የአፋር ባላባቶች ጉዳያቸውን የሚያቀርቡት ለእርሱ ነው። የንጉሡ ወንድሞችና ዘመዶች የሚታሰሩበት የጎንቾ ወህኒም በእርሱ እጅ ነበር። የክርስቲያን ንጉሥ የዘውዱን ተወዳዳሪዎች ለእስላም የቆላ ሹም በአደራ ይሰጣል! ይህ ለዘመኑ አውሮጳዊ እንግዳ ነገር ቢሆንም ከወላስማ ቤት የቀድሞ ታሪክ ጋር ሲያያዝ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በደጋው ሽኩቻ ውስጥ ድርሻ የሌለው፣ ግን ከደጋው ጋር ጥቅሙ የተሳሰረ ሰው ከእርሱ የተሻለ አይገኝም።

ስለዚህ ከዑመር ወላስማ እስከ ወላስማ መሐመድ ባሉት ከ550 በሚበልጡ ዓመታት ሥልጣኑ ከሱልጣንነት ወደ አገረ ገዥነት ወረደ፤ ስሙ ግን የግለሰብ ቤት መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የማዕረግ ስም ሆነ። ሥራውም አልተለወጠም። በገደሉ ግርጌ ቆሞ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኝ፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚናገር፣ በሁለቱም ዘንድ የሚታመን ሰው መሆን ነው።

፭. መንገዱ ሲዞር

ይህን ሥርዓት ያፈረሰው ጦርነት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ ካዛወሩና በ1886 አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ አንኮበር ከመንግሥት ማዕከልነት ወጣች። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ ገደሉን በይፋት በኩል አልወጣም፤ በደቡብ በኩል ዞሮ በአዋሽ ሸለቆ ሄደ። ለመሐንዲስ ይህ ምርጫ ግልጽ ነው፤ ባቡር በይፋት ተዳፋት አይወጣም። ለአልዩ አምባና ለፋሬ ግን የሞት ፍርድ ነበር። ቅፍለት አለቀ፤ ኬላ ተዘጋ፤ የወላስማ ሥራም አበቃ። ከአንድም ዘመቻ ይልቅ አንድ የሐዲድ መሥመር የይፋትን አስተዳደር ለወጠ።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 ነው። ወራሪው ለሠራዊቱ ሲል ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወስደውን መንገድ በጣርማ በር ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ ወደ ሮቢት ሜዳ አወረደው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የይፋት ክብደት ከኮረብታዎቹ ወደ ሜዳው፣ ከምሥራቅ–ምዕራቡ መንገድ ወደ ሰሜን–ደቡቡ ተዛወረ። ሸዋ ሮቢት ያደገችው በዚህ መንገድ ነው። የመስኖ እርሻው፣ የትምባሆው ልማት፣ የሽንኩርቱ ንግድ፣ የመኪና ማደሪያው ሁሉ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ኮረብታ ላይ ያሉት የአርጎባ መንደሮች ግን ከመንገዱ ርቀው፣ እነርሱ በጀመሩት ንግድ ዳር ቆመው ቀሩ።

አስተዳደሩም እንደዚሁ በየጊዜው ተቀይሯል። ከነጻነት በኋላ አገሩ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ነበር። በ1995 ሕገ መንግሥት ደግሞ ሦስቱ ደረጃዎች ለልዩ ልዩ አስተዳደሮች ተከፋፈሉ። ቀወት ወረዳና ሸዋ ሮቢት በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከሰሜን ያለው ክፍል በዚያው ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ የአዋሹ በረሃ በአፋር ክልል ሆኑ። አርጎባዎችም በአማራና በአፋር ክልሎች የየራሳቸው ልዩ ወረዳ አገኙ። ለአርጎባ ይህ ለብዙ ዘመን ያላገኘው ዕውቅና ነው። ነገር ግን ቀድሞ አንድ ገበያና አንድ ባለአደራ ያገናኛቸው የነበሩ ሕዝቦች ዛሬ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የአስተዳደር ወሰን አለ፤ የወላስማን ሥራ የሚሠራ ግን የለም። በ2021 በአታዬና በአካባቢዋ በደረሰው ግጭት ከተማዋ ተቃጠለች፤ ብዙ ሰውም አለቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። የእነዚህን መከራዎች መንስኤ መዘርዘር የዚህ ድርሰት ተግባር አይደለም። ሆኖም ይፋት በታሪኳ ሰላም ያገኘችው አንዱ ደረጃ ሌላውን ሲያሸንፍ ሳይሆን፣ ሦስቱ በመካከላቸው የታመነ አገናኝ ሲኖራቸው መሆኑን ከላይ ያየነው ሁሉ ያስረዳል።

፮. ስለ ፍርስራሾቹ

አሁን ወደ ጀመርንበት የድንጋይ ክምር እንመለስ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፍራንሷ ክሳቪየ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ የተባሉ ፈረንሣውያን ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር በአርጎባ ምድር ባደረጉት ፍለጋ አስበሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉትን የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ለዓለም አስተዋውቀዋል። መስጊዶች፣ የድንጋይ ቤቶች፣ መቃብሮችና እርከኖች በአንድ ላይ ተገኝተዋል። በሪ ይፋት በተባለው ቦታ ደግሞ በዐረብኛ የተቀረጹ፣ የወላስማን ቤት የሚጠቅሱ የመቃብር ድንጋዮች ተነበዋል። አል ዑመሪ ካይሮ ሆኖ በጆሮው የሰማት አገር በገዛ ድንጋይዋ ተናገረች ማለት ነው። የአርጎባ ሽማግሌዎች ግን ቦታዎቹን ሁልጊዜም ያውቋቸው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የጠየቃቸው አልነበረም።

የጸሐፊው ነገር እንዲህ ሆነ። ሽማግሌው ከተናገሩት በኋላ ወረቀቱን አረመ፤ መሥመሩም ከኮረብታው ዝቅ ብሎ እንዲያልፍ አሳሰበ፤ ሐሳቡም ተቀባይነት አገኘ። ነገር ግን እርማቱ በፕላኑ ላይ እንጂ በድንጋይ ማውጫው ዝርዝር ላይ አልተደረገም ነበር። በቀጣዩ በጋ ሲመለስ የቤቶቹ ድንጋይ ግማሽ ያህሉ ተጭኖ ለመንገዱ ቱቦዎች ግንብ ውሏል። ድንጋዩ ተጠርቦ የቆየ፣ ቅርብና ያለ ዋጋ የተገኘ ስለሆነ ሠራተኞቹ ጥፋት አልታያቸውም፤ በወረቀት «ለግንባታ የሚውል» ተብሎ ተጽፎላቸው ነበርና። ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነው። ሽማግሌው ግንቡን አይተው፣ «በርትቶ ተሠርቷል» ብቻ አሉ። መስጊዱ እንኳ የተረፈው እርሳቸው በእያንዳንዱ ጠዋት እዚያ እየተቀመጡ ስለ ጠበቁት ነው።

የማኅበራችን አባላት በይፋትና በመሰል አገሮች መንገድ፣ መስኖና የውሃ መሥመር መሥራታቸው አይቀርም፤ መሥራትም ይገባቸዋል። ጥያቄያችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ በቅየሳ ጊዜ ያረጀ ካብ ሲገኝ ከመመዝገቡ በፊት የአገሩ ሽማግሌ ይጠየቅ፤ መልሱም ከከፍታው ቁጥር ጎን ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የድንጋይ፣ የአሸዋና የአፈር ማውጫ ቦታዎች ዝርዝር ከመንገዱ ፕላን ጋር አብሮ ይታረም። ሦስተኛ፣ አሁንም የሚያገለግሉትን የአርጎባ እርከኖች ለመጠገን የሚያስፈልገው ወጪ አዲስ እርከን ከመሥራት ወጪ ጋር ተነጻጽሮ ይታይ። እነዚህ ሦስቱ ልዩ በጀት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ግማሽ ቀን ጊዜና አንድ መንገድ መሪ ብቻ ነው።